ኬክ ላይ ቸኮሌት ከማፍሰሳችሁ በፊት ብርጭቆ ላይ ሞክሩት

የልደት ኬክ ዳር ላይ ወደ ታች የሚወርድ ቸኮሌት ለመሞከር ካሰባችሁ፣ ፍሪጅ ውስጥ የቀዘቀዘ ብርጭቆ ገልብጡና ጠርዙ ላይ በሻይ ማንኪያ ትንሽ ልቀቁበት። ወርዶ መሃል አካባቢ ከቆመ ልኩ ነው። እስከ ታች ሮጦ ከተጠራቀመ ገና ትኩስ ነው፤ 5 ደቂቃ ጠብቁ። ጠርዙ ላይ ተድበልብሎ ከቀረ በርዷል፤ ዕቃውን ሙቅ ውሃ ላይ አድርጋችሁ ትንሽ አማስሉት።

መጠኑ 100 ግራም ጥቁር ቸኮሌት በ100 ግራም ፈሳሽ ክሬም ነው። ክሬሙ ዳር ዳሩን አረፋ ማውጣት ሲጀምር (እንዳይንተከተክ!) በደቃቁ የተከተፈው ቸኮሌት ላይ አፍስሱት፣ 2 ደቂቃ ሳትነኩት ተዉትና ከመሃል ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ አማስሉ። ነጭ ቸኮሌት ከሆነ ግን 300 ግራም ለ100 ግራም ክሬም ነው፤ በእኩል መጠን ከተሠራ ቀጥኖ አይቆምም።

ብዙ ሰው የሚዘለው ኬኩን ማቀዝቀዝ ነው። የቅቤ ክሬሙ ከተቀባ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ፤ አለበለዚያ ቸኮሌቱ ክሬሙን እያቀለጠ ይዞት ይወርዳል።

ስታፈሱ ከኬኩ ጀርባ ጀምሩ፤ እጃችሁ ፊት ለፊት እስኪደርስ ይለምዳል። መጀመሪያ ዳሩን፣ አናቱን መጨረሻ። አንዱ ረዘም፣ አንዱ አጠር ቢል ያምራል። ባለቀለም ስኳር የምትበትኑ ከሆነ ቸኮሌቱ ሳይጠነክር ይሁን፤ ከጠነከረ አይዝላችሁም።