ጸደይ ሲመጣ እጅህን ሰብስብ፦ የኮሌጅ ቀዘፋ ቡድን ለሚያሰለጥን

ብርዱ አልፎ ጀልባ ውሃ ላይ ሲወርድ አሰልጣኝ ሁሉ አንድ በሽታ ይይዘዋል። ሁሉንም ነገር በአንዴ ማስተካከል ያምረዋል። አቀዛዘፉንም፣ የሰዉን ቦታም፣ የጀልባውን ብሎንም። ተው። የጸደይ ውድድር ከመጋቢት ተነስቶ ግንቦት መጨረሻ ላይ የሚያልቅ አጭር ወቅት ነው። ጉልበቱ የተሠራው በብርዱ ወራት፣ ኤርጎሜትር (ቤት ውስጥ የሚቀዘፍበት ማሽን) ላይ ነው። አሁን የቀረህ ስምንት ሰው እንደ አንድ ሰው እንዲቀዝፍ ማድረግ ነው፤ ይሄ ደግሞ የሚመጣው እነሱ አብረው ብዙ ኪሎ ሜትር ሲቀዝፉ እንጂ አንተ በየማለዳው አዲስ ነገር ይዘህ ስትመጣ አይደለም።

ርቀቱን አስብ። በመስከረምና በጥቅምት የሚደረጉት ውድድሮች 5 ኪሎ ሜትር አካባቢ ናቸው፤ ጀልባዎቹ አንድ በአንድ ይነሱና ከሰዓት ጋር ይፋለማሉ። የጸደዩ ግን 2,000 ሜትር ነው፣ ጎን ለጎን። ባለ ስምንት ጀልባ እንደ ቡድኑና እንደ ነፋሱ ከ5 ደቂቃ ተኩል እስከ 7 ደቂቃ ይፈጅበታል። «አጭር ስለሆነ በየቀኑ በሙሉ ኃይል እንቅዘፍ» የሚልህ ካለ አትስማው። ለዚያ ውድድር ከሚወጣው ጉልበት ሦስት አራተኛ ያህሉ በኦክስጅን የሚመጣ ነው። ስለዚህ በጸደይም ቢሆን አብዛኛውን ኪሎ ሜትር በደቂቃ 18 ወይም 20 የመቅዘፊያ ምት፣ ረጋ ብለው ይቅዘፉት። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ጠንከር አድርገው። በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርትን በሚመራው ማኅበር በኤንሲኤኤ ሥር፣ በከፍተኛው ምድብ (ዲቪዚዮን 1) የሚወዳደር ቡድን ካለህ ደግሞ ሕጉ ራሱ ይይዝሃል፦ በሳምንት 20 ሰዓት፣ አንድ ቀን ሙሉ እረፍት። እረፍቷን አትሸራርፍ። እነዚህ ልጆች ተማሪዎች ናቸው፣ ጎህ ሳይቀድ ይነሳሉ፣ የግንቦት ፈተናቸውም ከትልልቆቹ ውድድሮች ጋር ነው የሚገጥመው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ፦ ማን የት ይቀመጥ? ኤርጎሜትር ላይ ጎበዝ የሆነ ሁሉ ጀልባ አያስኬድም። ማሽኑ ሚዛን አይጠይቅም፣ የፊተኛውን ሰው ተከተል አይልህም። ይሄን የምታውቀው በወንበር ፍልሚያ ነው። ሁለት ባለ አራት ጀልባ ጎን ለጎን አስቀምጥና 3 ወይም 4 ደቂቃ እንዲወዳደሩ አድርግ። የመጀመሪያው ጀልባ በ3 ሰከንድ አሸነፈ እንበል። ከእያንዳንዱ ጀልባ አንድ አንድ ሰው አውጥተህ አቀያይራቸው፣ ሌላ ምንም አትንካ፣ እንደገና አወዳድራቸው። አሁን ሁለተኛው ጀልባ በ1 ሰከንድ ካሸነፈ ልዩነቱ 4 ሰከንድ ተገላበጠ ማለት ነው፤ ወደ ሁለተኛው ጀልባ የሄደው ቀዛፊ ቦታው ይገባዋል። ግን ይሄ የሚሠራው ነገሩ ሁሉ እኩል ከሆነ ነው። የምት ፍጥነቱን ገድበው፣ ለምሳሌ ከ32 እንዳያልፉ በል። ነፋሱ መሀል ላይ ከተቀየረ ውጤቱን ጣለው። ማን እንደሚቀየር አስቀድመህ አትንገር፣ ልጆች ናቸውና ለጓደኛ ሲሉ የሚለግሙ አይጠፉም። አንዴ ከወሰንክ በኋላ ደግሞ ወንበሩን አትነካካ። በየሳምንቱ ሰው የሚቀያየርበት ጀልባ ስምንቱም ሰው በፍርሃት ነው የሚቀዝፈው።

ቴክኒክ ላይ በአንድ ልምምድ አንድ ነገር ብቻ ተናገር። ከሞተር ጀልባህ ሆነህ ሜጋፎኑን ከማንሳትህ በፊት ዝም ብለህ ተመልከት። መጀመሪያ መቅዘፊያዎቹ ውሃ ውስጥ ሲገቡ እይ፦ ስምንቱም አብረው ነው የሚገቡት? ቀጥሎ መቅዘፊያው ሲወጣ ውሃው ላይ የሚተወውን ሽክርክሪት ተመልከት። ጠበብ ብሎ ጠቆር ካለና ለብቻው የሚዞር ከሆነ ሰውየው ውሃውን ይዞ ገፍቶታል። ነጭ አረፋ ብቻ ከሆነ አየር ነው የቀዘፈው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ጀርባው ከእግሩ መቅደሙ ነው። ቅደም ተከተሉ እግር፣ ጀርባ፣ እጅ ነው፤ ሲመለሱ ደግሞ እጅ፣ ጀርባ፣ እግር። ወንበሩ ወደ ፊት ሲንሸራተት መቸኮል የለም፣ ጀልባው ራሱ ከእግራቸው ሥር ይሂድ። ይሄን አንዱን ለሁለት ሳምንት ብትደጋግመው የሚሰለቸው አንተን ነው፣ ጀልባውን አይደለም።

ኮክሱን ወይም ኮክሷን፣ ማለትም ሳይቀዝፍ ጀልባውን የሚመራውንና ቀዛፊዎቹን የሚያዘውን ሰው፣ እንደ ዕቃ የሚያይ አሰልጣኝ አለ፣ ይገርመኛል። ውድድር ላይ አንተ ዳር ቆመሃል፤ ጀልባው ውስጥ ያለህ ብቸኛ አፍ እሷ ናት። ዕቅዱን ከእሷ ጋር ቁጭ ብለህ ሥራ። ድምፅ መቅጃ ያዥ በላትና በኋላ አብራችሁ ስሙት። ብዙ ጩኸትና ትንሽ መረጃ ካለበት እዚያ ላይ ሥሩ፦ የት ደረስን፣ ከማን ቀደምን፣ አሁን ምን እናድርግ። ከሁሉም በፊት ግን ቀጥ አድርጋ መንዳት አለባት።

የውሃ ቅዝቃዜ ላይ ቀልድ የለም። በጸደይ መጀመሪያ ፀሐይዋ ታታልላለች፣ አየሩ ይሞቃል፣ ውሃው ግን ገና በረዶ ነው። ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው መጀመሪያ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ደግሞ ጣቶቹ አልታዘዝ ይሉታል፣ ዋናተኛ ነኝ ማለት አያድነውም። ስለዚህ የሞተር ጀልባህ ከቡድኑ አይራቅ፣ ለሁሉም የሚበቃ የሕይወት አድን ጃኬት ይኑርበት። ጀልባ ከተገለበጠ ማንም ወደ ዳር አይዋኝ፣ ጀልባውን ይያዝ። ነጎድጓድ ከተሰማ ውጡ፤ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትመለሱ። የጎድን አጥንቴን ያመኛል የሚል ቀዛፊ ካለም በዚያው ቀን አስቁመውና ሐኪም ይየው፣ ቀዛፊዎች እዚያ ቦታ ላይ ስንጥቅ ያገኛቸዋል።

የውድድር ዕቅድ አታወሳስብ። መነሻው ላይ ጥቂት አጫጭር ምቶች፣ ከዚያ ከ40 በላይ እያሉ አሥራ አምስት፣ ሃያ ምት። ቀጥሎ ወደ 34 ወይም 36 መውረድ። እዚህ ጋ ነው ብዙ ቡድን የሚበላሸው፦ ፍጥነቱን ሲቀንሱ ግፊቱንም ይቀንሱታል። ምቱ ይቀንስ እንጂ እግሩ አይቀንስ፤ ይሄን ብቻውን ደጋግመህ አለማምድ። ሦስተኛው 500 ሜትር ላይ ሁሉም ሰው ማቆም ያምረዋል፣ ስለዚህ ኮክሷ እዚያ ላይ የምትለው ነገር አስቀድሞ የተስማማችሁበት ይሁን። የመጨረሻዎቹ 300 ሜትሮች ላይ ያለው ይውጣ።

የውድድሩ ሳምንት ኪሎ ሜትሩን ወደ ግማሽ አውርደው፣ ፍጥነቱን ግን ጠብቀው። የዕቃውን ነገር ለተማሪ ብቻ አትተው። 10 ቁጥር ቁልፍ፣ ትርፍ ብሎን፣ ትርፍ ፊን (ከጀልባው ሥር ያለችው ትንሽ ክንፍ)፣ ትርፍ ወንበር ይጫን። ጀልባው አፍንጫ ላይ ያለችውን የጎማ ኳስና የጫማዎቹን የተረከዝ ማሰሪያ አይተህ ተነስ። ዳኞች ይፈትሹታል፣ ማሰሪያው ከተበጠሰ እዚያው ሳትጠግን አትወርድም።

የሁለተኛው ጀልባ ልጆችን አትርሳ። በኤንሲኤኤ የዲቪዚዮን 1 የሴቶች ሻምፒዮና የቡድኑ ነጥብ የሚደመረው ከሁለት ባለ ስምንትና ከአንድ ባለ አራት ጀልባ ነው፤ ሁለተኛውን ጀልባ ችላ ያለ ዋንጫውንም ችላ ብሏል። አሰላለፉን ስታወጣ የወረደውን ልጅ ከዝርዝሩ በፊት ለብቻው ጠርተህ ምክንያቱን ንገረው፣ ሰከንዱን አሳየው። ውድድሩ ካለቀ በኋላ ደግሞ በዚያው ቀን ምንም አትወስን። ሰኞ ጠዋት ሰዓቱን፣ ነፋሱንና የኮክሷን ቅጂ ይዘህ ተቀመጥ፣ ለሳምንቱ አንድ ነገር ምረጥና ወደ ውሃው ውረዱ።