«ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» እንዴት እንደተሠራ የሚያሳየውን ዘጋቢ ፊልም አጥንቶ ለመመልከት

ፊልሙን ከመክፈትዎ በፊት፣ የብሪታንያው የሮክ ባንድ ፒንክ ፍሎይድ በለንደኑ አቤይ ሮድ ስቱዲዮ ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣውን ይህን አልበም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያቋርጡ ያድምጡት፤ ዘፈኖቹ እርስ በርስ ተያይዘው ስለሚፈሱ ቆራርጦ መስማት ብዙ ያሳጣል። በፊልሙ ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚገባቸው፣ አንዱ መሣሪያ ከሌላው ተነጥሎ የሚሰማባቸው ክፍሎች ናቸው። እዚያ ሲደርሱ ፊልሙን ያቁሙና ያንኑ ዘፈን ከአልበሙ መልሰው ይስሙ። «መኒ» የተሰኘው ዘፈን የሚጀምርበት የሳንቲምና የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን ድምፅ፣ የተቀዳ ቴፕ በልክ ተቆራርጦና ተቀጣጥሎ እንደ ቀለበት እየዞረ እንዲደጋገም የተሠራ መሆኑን ከተረዱ በኋላ፣ ሰባት ምት ያለውን ዑደት በጣትዎ እየቆጠሩ ይከተሉት። ድምፃዊት ክሌር ቶሪ «ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ» በተሰኘው ዘፈን ያለ ግጥም ያዜመችውን ደግሞ፣ በእኔ እምነት የአልበሙ ልብ እርሱ ነውና፣ ከባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ከሪቻርድ ራይት ፒያኖ ጋር እያስተያዩ ደጋግመው ይስሙት።