ከንፈርና አፍ ላይ የሚወጣን ምች ማስታገሻ መንገድ

በጣና ላይ በታንኳ ወይም በጀልባ ሲጓዝ የዋለ ሰው ከቀናት በኋላ ከንፈሩ ሲቆስል «ምች መታኝ» ይላል። ቁስሉን የሚያመጣው ሄርፒስ ሲምፕሌክስ የተባለ ቫይረስ ነው። ብዙ ሰው በልጅነቱ ይያዛል፤ ቫይረሱም በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖርና ብርቱ ፀሐይ፣ ትኩሳት ወይም ድካም ሲያገኘው ይቀሰቀሳል። ስለዚህ ምች የሚደጋግመው ሰው ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደሴቶቹ ሲሻገር ሰፊ ባርኔጣ ቢያደርግና ከንፈሩን የፀሐይ መከላከያ ቢቀባ ይጠቀማል።

ቫይረሱን ከሰውነት ጨርሶ የሚያስወጣ መድኃኒት የለም፤ ሕመሙን ግን ማቅለል ይቻላል። ከንፈር ጠቅ ጠቅ ማድረግና ማሳከክ ሲጀምር፣ ውኃ የቋጠሩት እብጠቶች ገና ሳይወጡ፣ የአሲክሎቪር (ቫይረሱ እንዳይባዛ የሚገታ መድኃኒት) ቅባት በቀን 5 ጊዜ ለ5 ቀናት ይቀቡ፤ እብጠቶቹ ከፈነዱ በኋላ የሚጀመር ቅባት ብዙም አይረዳም። ከመቀባትዎ በፊትም በኋላም እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ማቃጠሉን ያበርደዋል፤ ቫዝሊን ደግሞ ቅርፊቱ እንዳይሰነጠቅ ይረዳል። ዳማከሴ አሽቶ ማሽተት የቆየ ልማዳችን ነው፤ ጭማቂውን በተከፈተ ቁስል ላይ ማድረግን ወይም ዓይን ውስጥ መጨመርን ግን አልመክርም። ሎሚና ሚጥሚጣም ቁስሉ እስኪድን ይቅሩ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቫይረሱ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሕፃን ነው። ትኩሳት ይይዘዋል፣ ድዱ አብጦ ይደማል፣ ምላሱና የጉንጩ ውስጥ ይቆስላል፤ መዋጥ ስለሚያመውም ጡት ወይም ኩባያ ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል። እንዲህ ያለውን ልጅ ከቁስሉ ይልቅ የሚጎዳው የውኃ እጥረት ነው፤ በተለይም የባሕር ዳር ሙቀት በሚበረታበት በመጋቢትና በሚያዝያ። ለክብደቱ የሚመጥነውን ፓራሲታሞል ይስጡትና ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተው፣ ሕመሙ ጋብ ሲልለት፣ ቀዝቀዝ ያለ ወተት፣ ቀጠን ያለ አጥሚት ወይም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ የተበጠበጠ ኦአርኤስ (ከሰውነት የጎደለን ውኃና ጨው የሚተካ ዱቄት) በማንኪያ ጥቂት በጥቂቱ ያጠጡት። ምግብ ለአንድ ሁለት ቀን ቢቀንስ አያስጨንቅም፤ መጠጥ ግን ሊቋረጥ አይገባም። ለልጅ አስፕሪን አይሰጥም፤ አንቲባዮቲክም ቫይረስን አይገድልም።

አሲክሎቪር የሚዋጥ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ሲጀመር የበለጠ ስለሚጠቅም ልጁን ቶሎ ለሐኪም ያሳዩት። ሽንቱ ከ8 ሰዓት በላይ ከቀረ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው ወይም ከፈዘዘ ግን በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይውሰዱት። ዓይኑ የቀላና የታመመ፣ የበሽታ መከላከል አቅሙ የተዳከመ፣ እንዲሁም ቁስሉ 2 ሳምንት ያለፈው አዋቂም በቤት ሕክምና ብቻ መቆየት የለበትም። ቁስል ያለበት ሰው አራስ ሕፃን ከመሳምና ጉርሻ ከማጉረስ ይታቀብ፤ ቫይረሱ ለአራስ ሕፃን ሕይወት አስጊ ነው።