ትልቋ ድመታችን አዲሷን ግልገል እንድትቀበል ያደረግነው

የ9 ሳምንት ግልገል ድመት ወደ ቤት ባመጣንበት ዕለት፣ የ7 ዓመቷ ድመታችን ፀጉሯን አቁማ ፉ አለችባት፤ ለአራት ቀናትም ከአልጋ ሥር አልወጣ ብላ ምግቧን ቀነሰች። (ጨርሳ ብታቆም ኖሮ ጉበቷ ሊጎዳ ስለሚችል ሳንዘገይ ሐኪም ዘንድ እንወስዳት ነበር።)

በመጀመሪያ ይላመዳሉ ብለን በአንድ ክፍል ተውናቸው፤ ግልገሏ ተቧጨረች። ቀጥለን ትልቋን አቅፈን ብናስጠጋት፣ መሸሽ ስለከለከልናት ፍርሃቷ ባሰ።

መፍትሔ የሆነን ከመተያየት በፊት በጠረን ማስተዋወቅ ነው። ግልገሏን ከነምግቧ፣ ከነውኃዋና ከነአሸዋ ሣጥኗ (መጸዳጃዋ) ለብቻዋ በአንድ ክፍል አኖርናት። ድመቶች ጉንጫቸው ላይ ጠረን የሚያመነጩ ዕጢዎች ስላሏቸው፣ የአንዷን ጉንጭ ያበስንበትን ንጹሕ ካልሲ በሌላዋ መኝታ አጠገብ እያስቀመጥን በየቀኑ አቀያየርን። ምግባቸውን ከተዘጋው በር ወዲህና ወዲያ አቅርበን፣ ትልቋ ተረጋግታ ስትበላ ብቻ ሳህኗን በጥቂቱ ወደ በሩ አስጠጋን። በ8ኛው ቀን በሩን ሦስት ጣት ያህል ከፈትነው፤ ፉ ስትል ግን ሳንቆጣት ዘግተን ወደ ቀደመው ደረጃ ተመለስን፤ ይህ መመለስ ከሁሉም በላይ የጠቀመን ይመስለኛል። ሦስተኛ የአሸዋ ሣጥንም ጨመርን። በ17ኛው ቀን ሁለቱም በአንድ ክፍል፣ ጎን ለጎን በሉ።