ስለ ትራንስቨርስ ሞገድ ስናስብ የምንስታቸው ነገሮች

ትራንስቨርስ ሞገድ ማለት ውዝዋዜው ከሚጓዝበት አቅጣጫ ጋር ተሻጋሪ (በ90 ዲግሪ) የሆነ ሞገድ ነው። ክፍል ውስጥ በገመድ ነው የሚጀመረው። ጥሩ ነው። ችግሩ ብዙ ተማሪ እዚያው ገመዱ ላይ መቅረቱ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ሞገዱ ቁሱን ይዞ የሚሄድ መምሰሉ ነው። ገመዱ መሃል ላይ ቀይ ክር እሰሩና ጫፉን አወዛውዙት። ክሩ ባለበት ሽቅብ ቁልቁል ይላል፤ ወደ ሌላው ጫፍ አይሄድም። የሚጓዘው ኢነርጂው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ከሁሉም የሚከፋ ይመስለኛል፦ በማንኛውም ቁስ ውስጥ ያልፋል ማለት። ላጲስ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና አናቱን በጣት ወደ ጎን ግፉት። ታቹ ሳይነቃነቅ አናቱ ይሄዳል፤ ቅርጹ ይንጋደዳል። ስትለቁት ቀጥ ይላል። ሞገዱን ከንብርብር ወደ ንብርብር የሚያሻግረው ይህ ወደ ቅርጹ የመመለስ ኃይል ነው። ውሃ ግን ወደ ጎን ሲገፋ ይፈሳል እንጂ አይመለስም፤ ስለዚህ በሆዱ እንዲህ ያለ ሞገድ አያሳልፍም። ሐይቅ ላይ የምናየውን ሞገድ የሚመልሰው የመሬት ስበት ነው፤ ውሃውም ክብ እየሠራ ነው የሚንቀሳቀሰው። ብርሃንም ትራንስቨርስ ነው፣ ግን የሚወዛወዘው የኤሌክትሪክና የማግኔት መስክ ስለሆነ ቁስ አያስፈልገውም።

የምድር የውጨኛው እምብርት ፈሳሽ መሆኑን የሚያሳየን ይኸው ነገር ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ኤስ ሞገድ ትራንስቨርስ ነው። 2,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ እምብርቱ ጋ ሲደርስ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ከመነሻው ከ104 ዲግሪ ገደማ ርቀት (ከምድር መሃል በሚለካ አንግል) በኋላ ያሉ ጣቢያዎችም ቀጥተኛ ኤስ ሞገድ አይመዘግቡም።

«ከባድ ቁስ ሞገዱን ያፈጥናል» የሚሉም አሉ። ፍጥነቱ የሚገኘው ቁሱ መንጋደድን የሚቋቋምበት አቅም ለእፍጋቱ ተካፍሎ፣ ከዚያ ስኩዌር ሩት ሲወጣለት ነው። ብረት ውስጥ በሰከንድ 3,200 ሜትር ገደማ ይሄዳል። እርሳስ የተባለው ማዕድን ከብረት ይከብዳል፤ ግን ልል ስለሆነ 700 ገደማ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ስህተት ሕይወትን ይነካል፦ በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ የመጀመሪያው ንዝረት ቀላል ሲሆን «አለፈ» ማለት። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ አካባቢ የተነሱ መንቀጥቀጦች አዲስ አበባ ድረስ ተሰምተዋል። ርቀቱ በቀጥታ መስመር 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀድሞ የሚደርሰው፣ ቁሱን በሚሄድበት አቅጣጫ ወደፊትና ወደኋላ የሚያንቀሳቅሰው ፒ ሞገድ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ በ22 ሰከንድ አካባቢ ይደርሳል። በ3.5 ኪሎ ሜትር የሚከተለው ኤስ ሞገድ 15 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ሕንፃን ወደ ጎን የሚያወዛውዘው፣ የሚበረታውም እሱ ነው። በእነዚያ ሰከንዶች ከመስኮትና ከመደርደሪያ ራቁ፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ካለ ሥሩ ግቡ።