የጳጳሱን የጸሎት ደብተር ስናነብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ላንስሎት አንድሩስ በ1555 ለንደን ተወልደው በ1626 የዊንቸስተር ጳጳስ ሳሉ ያረፉ እንግሊዛዊ ናቸው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ነው)። ዛሬም የሚነበበው «የግል ጸሎቶች» የሚባለው ሥራቸው ነው። ብዙ ሰው ሲጀምረው ይሳሳታል። እኔም ተሳስቻለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት እንደ ሌላ መጽሐፍ ማንበብ ነው። በአንድ ምሽት ልጨርሰው ሞክሬ ሰለቸኝ። ጥፋቱ የኔ ነበር። ጳጳሱ ለኅትመት አልጻፉትም፤ የራሳቸው የጸሎት ደብተር ነው። በ1648 ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ ያሳተመው ሪቻርድ ድሬክ፣ ደብተሩ በእጃቸው እንደቆሸሸና በንስሐ እንባ እንደራሰ ጽፏል። ጸሎቶቹ ለሰባቱ ቀናት የተከፈሉ ናቸው። እሑድ ስለ ብርሃን መፈጠር ያመሰግናሉ፣ ሰኞ ስለ ጠፈር፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ውዳሴ ማርያምን በየዕለቱ የሚደግም ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። የሰኞውን ሰኞ ያንብቡት፣ በቃ።

ሌላው፣ «አንድሩስ እንዲህ ብለዋል» ብሎ እንግሊዝኛውን ቃል በቃል መጥቀስ። እሳቸው በአብዛኛው የጻፉት በግሪክኛ ነው፤ ላቲንና ዕብራይስጥም አለበት። እንግሊዝኛው የተርጓሚዎቹ ነው።

አዲስ ሐሳብ ልፈልግበት ካሉም ይደክማሉ። ከመዝሙረ ዳዊትና ከምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ቅዳሴዎች እየለቀሙ የሰፉት ነው። ይልቅ ስለ ሌሎች የሚለምኑበትን ዝርዝር ቀስ ብለው ይዩት። የተወለዱበት አጥቢያ፣ የተማሩባቸው ትምህርት ቤቶች፣ ኮሌጃቸው፣ ያገለገሉባቸው አብያተ ክርስቲያናት፣ ቀድሞ የመሯቸው የቺችስተርና የኢሊ ሀገረ ስብከቶች። ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያ ደርድረውታል። እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የምወደው ይህንን ነው።

«የኪንግ ጄምስን (በእንግሊዙ ንጉሥ ጄምስ ዘመን የወጣውን የእንግሊዝኛ) መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎሙት እሳቸው ናቸው» የሚባለውም ልክ አይደለም። ተርጓሚዎቹ ስድስት ቡድን ነበሩ። አንድሩስ የመሩት ከዘፍጥረት እስከ ካልዕ ነገሥት የተረጎመውን ነው።

ነውር የሌለባቸው አድርጎ ማቅረብም አለ። በ1613 የኤሴክሱ ኧርል (የእንግሊዝ መኳንንት ማዕረግ ነው) ጋብቻ ይፍረስ አይፍረስ የሚል ክርክር ተነሣ። ንጉሥ ጄምስ እንዲፈርስ ፈልገው ነበር። ዳኛ ሆነው ከተሰየሙት ጳጳሳት አንዱ አንድሩስ ነበሩ፤ እሳቸውም ይፍረስ አሉ። የንስሐ ጸሎታቸው ላይ በደረስኩ ቁጥር ይሄ ጉዳይ ትዝ ይለኛል።