ሞልን ከቀመሩ በፊት በሚዛን

ሞልን፣ ማለትም በኬሚስትሪ የቅንጣቶች ብዛት የሚለካበትን አሃድ፣ ሲያስተምሩ በአንድ ሞል ውስጥ ያሉትን ቅንጣቶች ብዛት፣ 6.02×10²³ የሚለውን ቁጥር፣ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ አይጻፉ። ተማሪው ይሸመድደዋል፤ ለምን እንዳስፈለገ ግን አይገባውም። አስቀድሞ መያዝ ያለበት፣ ለመቁጠር የሚያስቸግሩ ጥቃቅን ነገሮች በመመዘን እንደሚቆጠሩ ነው።

ድፍን ምስርና ሽምብራ ያዘጋጁ (ክክ ስብርባሪ ስለሚበዛበት አይሆንም)። እስከ 0.1 ግራም የሚያነብ ሚዛን ይበቃል። እያንዳንዱ ቡድን ከሁለቱም 100 ፍሬ ቆጥሮ ይመዝን፤ አንዲት የምስር ፍሬ ብቻዋን ብትመዘን ሚዛኑ ዜሮ ሊያሳይ ይችላል። የሽምብራውን ክብደት ለምስሩ ያካፍሉና በ200 ፍሬ ይድገሙት። ክብደቱ እጥፍ ይሆናል፣ ንጽጽሩ ግን እምብዛም አይነቃነቅም። በመጨረሻ ያልተቆጠረ ምስር በከረጢት ሰጥተው «ሳትቆጥሩ ስንት ፍሬ እንደሆነ ንገሩኝ» ይበሏቸው። ይህን የሠራ ተማሪ፣ የካርቦን አቶም ከሃይድሮጅን አቶም 12 እጥፍ ገደማ እንደሚከብድ ሲነገረው፣ 12 ግራም ካርቦንና 1 ግራም ሃይድሮጅን እኩል ብዛት ያላቸው አቶሞች እንደያዙ ራሱ ይደርስበታል።

ቁጥሩን አሁን ይጻፉት። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንድ ሞል ማለት በትክክል 6.02214076×10²³ ቅንጣት ነው፤ ለክፍል ሥራ 6.02 ይበቃል። 18 ግራም ውሃ፣ 58.5 ግራም ጨውና 342 ግራም ስኳር ጠረጴዛ ላይ ይደርድሩ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ሞል ናቸው። ሞል በተባለ ቁጥር «የምን?» ብለው ይጠይቁ። አንድ ሞል የኦክስጅን አቶም 16 ግራም፣ አንድ ሞል የኦክስጅን ሞለኪውል ደግሞ 32 ግራም ስለሆነ፣ «አንድ ሞል ኦክስጅን» ብሎ የሚተው መልስ ነጥብ ሊያገኝ አይገባም።

ለስሌቱ ቤኪንግ ሶዳ ይጠቀሙ። ሁለት ሞል ሶዳ ሲሞቅ አንድ ሞል ሶዲየም ካርቦኔት፣ አንድ ሞል ውሃና አንድ ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። 8.4 ግራም (0.1 ሞል) በሸክላ ሳህን ላይ በስሱ አሰራጭተው 15 ደቂቃ ያህል ያሙቁ፤ ያቀዝቅዙና ይመዝኑ። ከዚያ ለ5 ደቂቃ እንደገና አሙቀው፣ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ይደጋግሙ። የሚጠበቀው 5.3 ግራም (0.05 ሞል) ሶዲየም ካርቦኔት ነው፤ ውሃውና ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በንነው ይሄዳሉ። 6 ግራም ከወጣ ሶዳው ሙሉ በሙሉ አልተበታተነም፤ ከ5.3 ካነሰ ተረጭቷል፣ ወይም ሳይቀዘቅዝ ተመዝኗል። ከጠቆረ ደግሞ የተገዛው ቤኪንግ ፓውደር ሳይሆን አይቀርም፤ ብዙውን ጊዜ ስታርች ይጨመርበታልና ያርራል። አስቀድመው የእሽጉን ጽሑፍ ያንብቡ።

በሶዳው ላይ የሚደጋገመው ስህተት፣ ከእኩልታው ያለውን 2 ለ 1 በግራም መውሰድ ነው፦ «8.4 ግራም ገብቶ 4.2 ይወጣል» ይላሉ። ሚዛኑ ስለሚያጋልጣቸው፣ ሙከራው ሳይጀመር ግምታቸውን ያስጽፏቸው።

አንድ ሞል ጋዝ ይይዛል የሚባለውን 22.4 ሊትር በተመለከተ፣ ለጋዝ ብቻ፣ ያውም በ0 ዲግሪ ሴልሺየስና በ1 አትሞስፌር ግፊት እንደሚሠራ አጥብቀው ይንገሩ። አንድ ሞል ውሃ ወደ 18 ሚሊ ሊትር ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ግፊቱን ስለሚቀንሰው፣ በ20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ አንድ ሞል ጋዝ ከ30 ሊትር በላይ ይይዛል።